አሮጌው አውቶሞቢልና አዲሱ ጎማ

በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬንያ ግዛት፥ ሄርሺ በምትባለው ከተማ፥ በየዓመቱ በኦክቶበር ወር የአሮጌ አውቶሞቢል ወዳጆች ይሰበሰባሉ። የሰባና የመቶ ዓመት ዕድሜ ያላቸው መኪናዎች ከፋብሪካ በወጡበት ዕለት የነበራቸውን መልክ እንደ ያዙ ተሰልፈው ይታያሉ። ዳኞችም ወረቀትና እርሳስ ይዘው በመካከላቸው ይመላለሳሉ፤ የመብራቱን መስተዋት፥ የመቀመጫውን ቆዳ፥ የብሎኑን ራስ ሳይቀር እየመረመሩ ነጥብ ይሰጣሉ። ሞተሩ በእውነት የዚያ ዘመን ሞተር ነው፤ መሪውም አያቶች የጨበጡት መሪ ነው። ዳሩ ግን በዚያ ሁሉ ጥንታዊነት መካከል በቅርብ ተገዝቶ የመጣ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም መኪናው የቆመበት ጎማ ነው።

ነገሩ እንዲህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ብረት ቢዝግ ይፋቃል፥ ቢቀደድም ይበየዳል፤ እንጨት ቢበሰብስ በሌላ እንጨት ይተካል። ጎማ ግን እንደ እንጀራ ነው፤ ቢበሉትም ባይበሉትም ይደርቃል። ስለዚህ የአሮጌ መኪና ባለቤት፥ ምንም ያህል ለጥንቱ ታማኝ ቢሆን፥ በየጥቂቱ ዓመት ወደ ገበያ መውጣቱ አይቀርም። በገበያውም አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ለዐይን እውነተኛ የሆነውን ጎማ ይግዛ ወይስ ለነፍስ የሚሻለውን? ይህን ጥያቄ በቅን ለመመለስ የጎማን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ እንዲህ ያለ መኪና ኖሮን አያውቅም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝም ወደዚያ የሚያደርስ አይደለም። ሆኖም በጎማ ላይ የማይሄድ ሰው ዛሬ ስለሌለ፥ ነገሩ የባለጸጎች መጫወቻ ብቻ መስሎ አልታየንም። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

ጎማ የሚለው ቃል ራሱ ወደ ቋንቋችን የገባው ከኢጣልያንኛ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ጎሚስታና ቸርኬም በዚያው መንገድ የመጡ ናቸው። ዕቃውን ለመኪና እንዲሆን አድርጎ ለዓለም ያደለው ግን ይበልጡን አሜሪካ ነው። ቻርልስ ጉድይር የተባለው አሜሪካዊ በ1839 ዓ.ም. የጎማን ዛፍ ፈሳሽ ከድኝ ጋር አዋሕዶ በእሳት ቢያሞቀው፥ በሙቀት የማይቀልጥና በብርድ የማይሰነጠቅ ሆኖ አገኘው። ጉድይር ከዚህ ሥራው ሀብት ሳያገኝ፥ ባለ ዕዳ እንደ ሆነ በ1860 ዓ.ም. ሞተ። ዛሬ ስሙን የምናነብበት ታላቅ ኩባንያ የተቋቋመው እርሱ ከሞተ ከ38 ዓመት በኋላ፥ በኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ፥ ከቤተሰቡ ባልሆኑ ሰዎች ነው። በነፋስ የተሞላውን ጎማ ደግሞ ሮበርት ቶምሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1845 ዓ.ም. አስመዝግቦት ነበር፤ ነገር ግን የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ ተረሳ። ከዚያ በ1888 ዓ.ም. ጆን ዳንሎፕ፥ በቤልፋስት ከተማ፥ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት እንደ ገና ፈለሰፈው። አክሮን ጉድሪች፥ ጉድይር፥ ፋየርስቶን፥ ጄኔራል የሚባሉት ኩባንያዎች አንድ በአንድ የተነሡባት ከተማ ሆነች፤ የዓለም የጎማ ዋና ከተማ እስከ መባልም ደረሰች።

የፎርድ ኩባንያ ከ1908 እስከ 1927 ዓ.ም. ከ15 ሚሊዮን በላይ የሠራት ቲ ሞዴል የተባለችው መኪና ብዙ ሕዝብ ከጎማ ጋር የተዋወቀባት ናት። የፊት ጎማዋ 30 በ3፥ የኋላው 30 በ3½ ይባል ነበር። የመጀመሪያው ቍጥር የጎማውን ጠቅላላ ቁመት፥ ሁለተኛው ውፍረቱን በኢንች ያመለክታል። ይህ ጎማ ቀጭን ነበር፤ በውስጡም ነፋሱ እጅግ ታፍኖ የተሞላ ስለ ነበረ የመንገዱን ጠጠር ሁሉ ለተሳፋሪው ይነግረዋል። ጠርዙ እንደ መንጠቆ ታጥፎ የቸርኬውን ከንፈር ይይዛል፤ ነፋሱ ከቀነሰ መንጠቆው ይለቅና ጎማው ከመንኰራኵሩ ይወልቃል። ዛሬም እንዲህ ያለ ቸርኬ ያላት ቲ ሞዴል ያለው ሰው የሚገዛው ይህንኑ ባለ መንጠቆ ጎማ ነው፤ ቸርኬው ሌላ አይቀበልምና በዚህ ረገድ ምርጫ የለውም።

ነገር ግን ምን ዓይነት ቀለም? ብዙ ሰው ጎማ በተፈጥሮው ጥቁር ይመስለዋል፤ አይደለም። የዛፉ ፈሳሽ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ በድሮ ጎማ ውስጥ ዚንክ ኦክሳይድ የተባለው ነጭ ዱቄት ይጨመርበት ስለ ነበረ መልኩ ነጣ ያለ ነበር። ጥቁርነት የመጣው ከ1910 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት፥ እጅግ የደቀቀ ጥላሸት ቢጨመርበት ጎማው በመንገድ ላይ ቶሎ እንደማያልቅ በታወቀ ጊዜ ነው። ለጉድሪች ፋብሪካ ይህን ጥላሸት ከሸጡት አንዱ፥ ለሕፃናት የሥዕል እርሳስ በመሥራት ስሙ የሚጠራው የቢኒና የስሚዝ ኩባንያ መሆኑ ያስገርማል። እንግዲህ በ1909 ዓ.ም. ቲ ሞዴል ላይ ኵልል ያለ ጥቁር ጎማ ያስገባ ሰው፥ ሳያውቅ ታሪክን አሳስቷል ማለት ነው።

በ1923 ዓ.ም. ፋየርስቶን ባሉን የሚባለውን ወፍራም ጎማ አወጣ። ይህ ጎማ ሰፊ ሆኖ በውስጡ ያለው ነፋስ በግማሽ ያህል የቀነሰ ነበረ፤ ስለዚህ ለስላሳ ሆነ፥ መሬቱንም በሰፊ መዳፍ ይረግጥ ጀመር። የቍጥሩም አጻጻፍ ተለወጠ። ለ1928 ዓ.ም. የወጣችው የፎርድ ኤ ሞዴል 4.50-21 የተባለ ጎማ ነበራት፤ አራት ኢንች ተኩል የጎማው ውፍረት፥ 21 ደግሞ የቸርኬው ቁመት ነው። በ1930 ዓ.ም. ይህችው መኪና ወደ 4.75-19 ተዛወረች። ሁለቱን ዓመታት የማይለይ ገዢ ከቸርኬው ጋር የማይገጥም ጎማ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ሻጭ ይወደዋል።

ጎማ የሰላም ጊዜ ዕቃ ብቻ አለመሆኑ ደግሞ ቈይቶ ታየ። የጎማ ዛፍ በብራዚል ጫካ የበቀለ ሲሆን፥ ሄንሪ ዊከም የተባለ እንግሊዛዊ በ1876 ዓ.ም. 70,000 ያህል ፍሬ ወደ ለንደን ወሰደ፤ ከዚያም ዛፉ በእስያ ቅኝ ግዛቶች ተተከለ። ከጥቂት አሠርት ዓመታት በኋላ የዓለም ጎማ ሁሉ ማለት ይቻላል ከማላያና ከአካባቢዋ ይመጣ ነበር። እንግሊዞች በ1922 ዓ.ም. ዋጋው እንዲወጣ ምርቱን በሕግ ሲወስኑት አሜሪካውያን ተጨነቁ። ፋየርስቶን በ1926 ዓ.ም. በላይቤሪያ አንድ ሚሊዮን ኤከር መሬት ለ99 ዓመት ተከራየ፤ ፎርድም በአማዞን ጫካ ውስጥ በስሙ ከተማ ሠርቶ ዛፍ ተከለ፤ ነገር ግን ዛፎቹን በሽታ ፈጃቸውና በ1945 ዓ.ም. መሬቱን ለብራዚል መንግሥት በኪሳራ መለሰ።

የፈሩት ደረሰ። በ1942 ዓ.ም. መጀመሪያ ጃፓን ማላያንና የሆላንድ ምሥራቅ ኢንዲስን ስትይዝ፥ ከአሜሪካ የጎማ ምንጭ ከአሥሩ እጅ ዘጠኙ ተዘጋ። በአሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ በመጀመሪያ በድልድል የተሰጠው ዕቃ ስኳር አልነበረም፥ ቤንዚንም አልነበረም፤ በጃንዩዋሪ 1942 ዓ.ም. የተደለደለው ጎማ ነበር። አዲስ ጎማ ለማግኘት ሰው ሐኪም ወይም ፖሊስ፥ ወይም እሳት አጥፊ፥ ወይም ሌላ ለሕዝብ የግድ የሚያስፈልግ ሥራ ያለው መሆን ነበረበት። ለአንድ መኪና ከአምስት ጎማ በላይ መያዝ ተከለከለ፤ ትርፍ ያለው ለመንግሥት ይሸጥ ዘንድ ታዘዘ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በዚያው ዓመት ሕዝቡ አሮጌ ጎማውን፥ የአትክልት ማጠጫ ቱቦውን፥ የዝናብ ካፖርቱን ሳይቀር እንዲያመጣ ለመኑ። በመንገድ ላይም የፍጥነቱ ወሰን በሰዓት 35 ማይል፥ ማለት 56 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሆን ተደረገ። በዓመቱ መጨረሻ ቤንዚን በአገሩ ሁሉ በካርድ ሲታደል ዋናው ምክንያት የቤንዚን እጥረት አልነበረም፤ ሰው ብዙ ካልነዳ ጎማው አያልቅም ተብሎ ነው። ኬሚስቶቹ ከነዳጅ ዘይትና ከአልኮል ሰው ሠራሽ ጎማ አውጥተው በሁለትና በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ አገሪቱን ከጭንቅ አዳኗት። እንግዲህ በ1941 ዓ.ም. የተሠራ መኪና ያለው ሰው ዛሬ አንድ ጥንድ ጎማ ለመግዛት ሲያመነታ፥ የመኪናው የመጀመሪያ ጌታ በገንዘብ እንኳ የማያገኘው ነገር እንደ ነበር ቢያስታውስ መልካም ነው።

ሰላም ሲመለስ ጌጥ ተመለሰ። የጎማው ጎን ነጭ የሆነው፥ ሁላችን በድሮ የአሜሪካ ፊልም የምናውቀው፥ የሃምሳዎቹ ዓመታት የክብር ምልክት ሆነ። አመጣጡ ግን ከቍጠባ ነው፤ ጥላሸት በተጀመረ ጊዜ መንገድ ለሚነካው ለጥርሱ ክፍል ብቻ ስለ ተጨመረ ጎኑ ነጭ እንደ ሆነ ቀርቶ ነበር። በሃምሳዎቹ ዓመታት አጋማሽ ነጩ መስመር ሁለት ተኩል ኢንችና ከዚያም በላይ ይሰፋ ነበር፤ በ1962 ዓ.ም. ግን ወደ አንድ ኢንች ያህል ጠበበ፥ ኋላም እንደ ክር ቀጠነ። ስለዚህ አዋቂ ዳኛ ከሩቅ ሆኖ በነጩ መስመር ስፋት ብቻ የመኪናውን ዓመት ሊገምት ይችላል። የ1964 ዓ.ም. መኪና ላይ ሰፊውን ነጭ ጎማ የሚያስገቡ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ያምርልናል ብለው ነው፤ እኛ ግን ሽማግሌ የወጣት ልብስ ሲለብስ እንደምናየው እናየዋለን።

ከመልክ ወደ ከበደው ነገር እንለፍ። ጄኔራል ሞተርስ ለ1960 ዓ.ም. ኮርቬር የተባለችውን፥ ሞተሯ ከኋላ የሆነ ትንሽ መኪና አወጣ። የኋላዋ ክብደት ከባድ ስለ ነበር በማጠፊያ ላይ እንዳትከዳ መላው የተደረገው በጎማው ነፋስ ነበር። ባለቤቱ የፊተኛውን ጎማ በእያንዳንዱ ስኩዌር ኢንች በ15 ፓውንድ፥ የኋለኛውን በ26 ፓውንድ እንዲሞላ መመሪያው ያዛል። በነዳጅ ማደያ ያለ ሠራተኛ ግን አራቱንም እንደ ልማዱ እኩል ይሞላል፤ ባለቤቱም አይከለክልም፥ አያውቅምና። ራልፍ ኔደር በ1965 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያው ምዕራፍ የዚችው መኪና ክስ ነው። በ1972 ዓ.ም. የመንግሥት ጥናት ኮርቬር ከዘመኑ መሰሎቿ የከፋች አይደለችም ብሎ ቢመሰክርላትም፥ ክርክሩ በ1966 ዓ.ም. የመንገድ ደኅንነት ሕግ እንዲወጣ ከረዱት ነገሮች አንዱ ሆኗል። ዛሬ ኮርቬር የሚገዛ ሰው ከመኪናው ጋር ያን የመመሪያ ወረቀት ይጠይቅ፤ እንደ ዕቃው ክፍል ይቍጠረው።

በጎማ ታሪክ ውስጥ ታላቁ ልዩነት ግን በውስጡ ባለው ክር ነው። የድሮው ጎማ ሥጋ የተሠራው ከጥጥ፥ ኋላም ከሬዮንና ከናይሎን ክር ሲሆን፥ ክሮቹ እንደ ሰሌን ሽመና በሰያፍ ይተላለፋሉ። የፈረንሳዩ ሚሸሊን ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. አስመዝግቦ በ1949 ዓ.ም. ለገበያ ባወጣው ራዲያል ጎማ ግን ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው በቀጥታ ይሄዳሉ፤ በላያቸውም ከጥርሱ ሥር የብረት መቀነት ይታጠቃል። ራዲያል ረጅም ዕድሜ አለው፥ በእርጥብ መንገድ አጥብቆ ይይዛል፥ ነዳጅም ይቈጥባል። አሜሪካኖች ግን ለብዙ ጊዜ ችላ አሉት፤ መኪናዎቻቸው ለለስላሳ ጎማ የተቃኙ ነበሩ፥ ፋብሪካዎቻቸውም ለአሮጌው አሠራር የተተከሉ ነበሩ። ከፋብሪካ ራዲያል ለብሶ የወጣው የመጀመሪያው የአሜሪካ መኪና ሊንከን ኮንቲኔንታል ማርክ 3 ሲሆን፥ ዓመቱም 1970 ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከመጠን በላይ ቸኰሉ። ፋየርስቶን 500 የተባለው የብረት መቀነት ያለው ጎማ በጕዞ ላይ ጥርሱ ከሥጋው እየተላቀቀ ብዙ አደጋና ሞት ስላስከተለ፥ በ1978 ዓ.ም. ከ14 ሚሊዮን በላይ ጎማ እንዲመለስ ተደረገ።

እንግዲህ የ1955 ዓ.ም. ሼቭሮሌ ያለው ሰው ምን ያድርግ? መኪናው ሲወጣ የነበረው ጎማ 6.70-15 ነው። በራዲያል አቈጣጠር ለዚህ የሚቀርበው 205/75 አር 15 ነው፤ 205 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፥ 75 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ ሲሰላ፥ 15 የቸርኬው ቁመት ነው። በሰያፍ የተሠራውን ከመረጠ መኪናው እንደ ጥንቱ ይነዳል፤ ግን በመንገዱ ቦይ ውስጥ መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሳባል፥ ሌሊት ቆሞ ያደረ የናይሎን ጎማም ጠዋት ሥሩ ጠፍጥፎ እስኪሞቅ ድረስ ይንቀጠቀጣል። ራዲያልን ከመረጠ በፍጥነት መንገድ ላይ ይደላዋል፤ ነገር ግን በቆመበት መሪው ይከብደዋል፥ አሮጌው ቸርኬም ላልታሰበለት የጎን ኃይል ይጋለጣል፤ የቸርኬው ጌጥ ክዳን በማጠፊያ ላይ ተወርውሮ መጥፋቱም የታወቀ ነው። የውስጥ ጎማ የሌለው ጎማ በአሜሪካ መኪናዎች ላይ የተለመደው በ1955 ዓ.ም. ገደማ ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት ለነበረ ቸርኬ፥ ይልቁንም ለባለ ሽቦው፥ የውስጥ ጎማ ያስፈልገዋል፤ ለራዲያል የሚሆነው የውስጥ ጎማም ለብቻው የተሠራ ነው። የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ለትርኢት ብቻ የሚወጣ መኪና የዘመኑን ጎማ ይልበስ፤ ልጆች ተሳፍረውበት በፍጥነት መንገድ የሚሄድ መኪና ግን፥ ቸርኬው ተመርምሮ ከቻለው፥ ራዲያል ቢለብስ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ሁለቱን ዓይነት በአንድ መኪና ላይ ማደባለቅ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ አንዱ በማጠፊያ ላይ ሲይዝ ሌላው ይለቃልና።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበን የጎማው ዕድሜ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ ገጠር ስንወርድ የምንጓዝበት መኪና የኋላ ጎማ በድንገት ፈነዳ። እግዚአብሔር ጠብቆን ከመንገዱ ዳር በሣር ላይ ቆምን። ጎማው በዚያው ወር አዲስ ተብሎ የተገዛ ነበር፤ ጥርሱም ሙሉ ነበር። በሚቀጥለው ከተማ ያገኘነው ጎሚስታ አገላብጦ አየውና በጎኑ ላይ ያለውን ቍጥር በጣቱ እየጠቈመ፥ «ጌቶች፥ ይህ ጎማ እኮ አሥራ ሁለት ዓመት መጋዘን ተኝቷል» አለን። ከዚያ ቀን በፊት ያን ቍጥር አንድም ቀን አንብበን አናውቅም ነበር።

ቍጥሩ ለማንበብ ቀላል ነው። ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ከሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ አለ፤ 2319 ቢል በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ከ2000 ዓ.ም. በፊት አኃዙ ሦስት ብቻ ስለ ነበረ፥ ሦስት አኃዝ ያለው ጎማ ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መልኩ ምንም ቢያምር ለመንገድ አይሆንም። ጎማን የሚያስረጀው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅንና ኦዞን ነው። ለመከላከያ ተብሎ በውስጡ የሚጨመረው ሰም ወደ ገጹ የሚወጣው ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ስለ ሆነ፥ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ የሚውል መኪና ጎማ ከሚሠራው ይልቅ ቶሎ ይሰነጠቃል። በዚህ ረገድ የአሮጌ መኪና ባለቤት ከሁሉ የባሰ አደጋ ላይ ነው፤ ጥርሱ አያልቅበትምና ጎማው ያረጀ አይመስለውም። ብዙ መኪና ሠሪዎች ከስድስት ዓመት በኋላ እንዲለወጥ፥ ጎማ ሠሪዎችም ቢበዛ ከአሥር ዓመት እንዳያልፍ ይመክራሉ።

የት ይገዛል ለሚል፥ አሮጌዎቹ ስሞች ዛሬም ይገኛሉ፤ ኩባንያዎቹ ግን እንደ ቀድሞው አይደሉም። ፋየርስቶን በ1988 ዓ.ም. ወደ ጃፓኑ ብሪጅስቶን፥ የጉድሪች ጎማ በ1990 ዓ.ም. ወደ ሚሸሊን ተላልፈዋል። በቴነሲ ግዛት በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የኮከር ድርጅት ከእነዚህ ስም ባለቤቶች ፈቃድ አግኝቶ፥ የድሮውን ጥርስና የድሮውን የጎን ጽሑፍ የያዘ አዲስ ጎማ ያሠራል፤ ከውጭ ሰፊ ነጭ ጎን ያለው፥ ከውስጥ ግን ራዲያል የሆነ ጎማም አለው። ዋጋው ከተራው ጎማ እጅግ ይበልጣል፤ የሚገዛው ሰው ጥቂት ነውና። ገዢው ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት የሚሸከመውን ክብደት ነው፤ የ1959 ዓ.ም. ካዲላክ ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል፥ ይህን የማይችል ጎማ ነጭ ጎኑ ቢያበራ ምን ይጠቅማል?

ከባለቤቶቹ መካከል ሁለት ሙሉ ጕዝጓዝ ጎማ ያላቸው አሉ። መኪናውን በራዲያል እየነዱ እስከ ትርኢቱ ከተማ ይመጣሉ፤ በማግሥቱ ማለዳ ዳኞች ሳይደርሱ በክሪክ ያነሡትና የዘመኑን ጎማ ያስገቡለታል፤ ማታ ሽልማቱን ከተቀበሉ በኋላም እንደ ገና አውልቀው፥ በጨርቅ ጠቅልለው በዕቃ መጫኛው ያስቀምጡትና በሌላው እየነዱ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።